ግቡ ቢቀርም ልምምዱ አይቅር

ጳጉሜን ሲገባ የዕቅድ ወቅት ነው። ቴሌግራሙም ፌስቡኩም በአዲስ ዓመት ዕቅድ ይሞላል። እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ፣ ክብደት እቀንሳለሁ፣ ማስተርሴን እጀምራለሁ፣ ሲጋራ አቆማለሁ፣ በወር አንድ መጽሐፍ አነባለሁ። ስለ ራዕይና ስለ ግብ የሚያወሩ አነቃቂ ተናጋሪዎችም በዚህ ሰሞን ገበያቸው ይደራል። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ሰው ነገውን ከዛሬው የተሻለ ለማድረግ መነሳቱ መልካም ነገር ነው።

ግን በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንድ ነገር ይጎድላል። ግብ እንዴት እንደሚያዝ ብዙ ተብሏል። ግቡ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ግን የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው። ፈተናው አልመጣ ሲል፣ ቪዛው ሲከለከል፣ ለትምህርት የተቀመጠው ብር ለእናት ሕክምና ሲወጣ፣ ሰውነት እምቢ ሲል ምን ይደረግ? አብዛኛው ሰው ራሱን ማሻሻል የሚያቆመው መጀመሪያውኑ ግብ ስላልነበረው አይደለም። ነበረው። ግቡ ሲሰናከል የዕለት ልምምዱንም አብሮ ተወው። እኔ የምለው ይኼ ነው፤ ግብ ሊዘገይ ይችላል፣ ሊቀየር ይችላል፣ ጭራሽ ሊቀርም ይችላል። መቅረት የሌለበት በግቡ ምክንያት የጀመርነው ልምምድ ነው።

ለዚህ ከምሩፅ ይፍጠር የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ምሩፅን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሞስኮ ኦሊምፒክ ነው። ማርሽ ቀያሪው። እ.ኤ.አ. በ1980 በ10 ሺህም በ5 ሺህም ሜትር ወርቅ ያጠለቀው ጀግና። ከዚያ በፊት ያሉትን ስምንት ዓመታት ግን ቶሎ ብለን እናልፋቸዋለን። እኔን የሚያስደንቀኝ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

በ1972 ሙኒክ ላይ ምሩፅ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ። ያሸነፈው የፊንላንዱ ላሲ ቪረን ነበር። በ5 ሺህ ሜትር ግን ማጣሪያው ሲጀመር ምሩፅ መነሻው ላይ አልነበረም። ለምን እንዳልደረሰ እስከ ዛሬ የተለያየ ነገር ይወራል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለዓመታት የተዘጋጀበት ውድድር ሳይሮጠው አለፈ። የሚቀጥለው ዕድል ያለው ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

አራቱ ዓመት አለፈ። 1976 ሞንትሪያል መጣ። በዚያ ዓመት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በአፓርታይድ ሥር ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫውቷል። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ ትውጣ ብለው ጠየቁ። ሰሚ አላገኙም። ከሃያ በላይ አገሮች ውድድሩን ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም ከነሱ አንዷ ነበረች። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ለምሩፅ ግን ሌላ አራት ዓመት መጠበቅ ማለት ነበር። በሩጫ ዓለም አራት ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሯጭ በዚህ ጊዜ ውስጥ ታውቆ፣ አሸንፎ፣ ይረሳል። ቪረን ሞንትሪያል ላይ ሁለቱንም ወርቅ ደግሞ ወሰደ።

ምሩፅ እዚህ ላይ ቢያቆም ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን መሮጡን ቀጠለ። በ1977 ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ ላይ በተደረገው የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ 5 ሺህውንም 10 ሺህውንም አሸነፈ። በ1979 የዓለም ዋንጫው የተካሄደው ሞንትሪያል ነው፤ ኦሊምፒኩ በቀረበት ከተማ። እዚያም ሁለቱንም አሸነፈ። ሞስኮ ሲደርስ ጋዜጠኞች ዕድሜውን ደጋግመው ይጠይቁት ነበር። ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጣቸውም። መልሱን በመጨረሻዎቹ ሦስት መቶ ሜትሮች ሰጣቸው፤ ማርሹን ሲቀይር የተከተለው አልነበረም።

ምሩፅ ውጤቱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ቢሆን ኖሮ በ1976 ክረምት ጫማውን ይሰቅል ነበር። ዓላማው ከእጁ ወጥቷል። ያወጣውም የእሱ ስንፍና አይደለም፤ የአገሮች ፖለቲካ ነው። በእጁ የቀረው ነገር የነገ ጠዋት ልምምድ ብቻ ነበር። እሱን አልለቀቀም።

የአበበ ቢቂላም ታሪክ እንዲሁ ግማሹ ብቻ ነው የሚነገረው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ያልሰማ የለም። ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው መድገሙንም እናውቃለን። በ1969 የመኪና አደጋ ደረሰበትና እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ብዙ ተራኪ እዚህ ላይ ሐዘኑን ገልጾ ያቆማል። አበበ ግን አላቆመም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በ1970 እዚያው በሚካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳተፈ። በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ተንሸራታች የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። በ1973 በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው፣ ጋሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወርን ከሀ ብሎ ለመማር ምን ያህል ትሕትና እንደሚያስፈልገው አስቡት። በየትምህርት ቤቱ ስለ አበበ ሲነገር ይህ ክፍል አብሮ ቢነገር እመኛለሁ። ልጆቻችን ከሮም ይልቅ ይኼኛው የሚያስፈልጋቸው ቀን ይመጣል።

ደራርቱ ቱሉም አለች። ባርሴሎና 1992 ወርቅ፣ አትላንታ 1996 አራተኛ። ወለደች፤ ተመለሰች፤ ሲድኒ 2000 ላይ ደግሞ ወርቅ። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። በባርሴሎናውና በኒውዮርኩ ድሏ መካከል 17 ዓመት አለ።

«እነሱ እኮ ጀግኖች ናቸው፣ እኛ ተራ ሰዎች ነን» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። እኔም ሁላችንም ኦሊምፒክ እንሂድ አላልኩም። ግን ተራ ሰዎች ያደረጉትም አለ፤ ያውም በሚሊዮን ተቆጥረው። በእኛ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እርሻ ውለው፣ ቤት ሲያጸዱ ውለው ፊደል ሊቆጥሩ የገቡ አባቶችና እናቶች ነበሩ። ከልጅ ልጃቸው እኩል ቁጭ ብለው «ሀ ሁ» ያሉ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። «ካረጁ አይበጁ» የሚለውን ተረት እነዚያ ሰዎች በተግባር አፍርሰውታል። ስለዚህ ዛሬ የ35 ዓመት ሰው «እኔማ አልፎብኛል» ሲለኝ አልቀበለውም።

የዚያው ዘመቻ ሌላ ገጽ ግን አለ። ፊደል ለይተው፣ የምስክር ወረቀት ተቀብለው፣ በኋላ ማንበብ የረሱም አሉ። በየቀበሌያቸው የሚያነቡት ነገር አልነበረማ። ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ግቡ ተመታ፤ ልምምዱ ቆመ። ይኼ ነገር ዛሬም ቢሮ ለቢሮ አለ። ዲግሪውን ከያዘ በኋላ አንድ መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ባለሙያ ስንት ነው! ሰው ግቡን ሲስት ብቻ ሳይሆን ግቡን ሲመታም ይቆማል። እንደኔ ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ማንም «ምነው ቆምክ?» ብሎ አይጠይቀውም።

ታዲያ ልምምድ እንዴት ይያዛል? ለዚህ የውጭ ዘዴ መፈለግ ያለብን አይመስለኝም። እቁብ አለን። እቁብ ለመጣል ማንም አነቃቂ ንግግር አያዳምጥም። ቀኑ ይታወቃል። መጠኑ ይታወቃል፤ ከአቅም በላይ አይደለም። ሰብሳቢ አለ፤ ብትቀር ደውሎ ይጠይቅሃል። ዕጣው ዘግይቶ ቢደርስህም መጣልህን አታቆምም። ዋናው ነገር ደግሞ ይኼ ነው፤ ዕጣው ወጥቶልህ ብሩን ከወሰድክ በኋላም እስከ መጨረሻው ትጥላለህ። «ደሞዜ አይበቃኝም፣ መቆጠብ አልችልም» የሚል ሰው እቁብ ሲገባ ይቆጥባል። ያው ሰው ነው፣ ያው ደሞዝ ነው። የተለወጠው አያያዙ ነው።

ራስን ማሻሻልም እንዲህ ቢያዝ ብዙ ነገር ይቀላል። «ዘንድሮ እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ» ማለት እቁብ አይደለም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከአንድ ሰው ጋር ግማሽ ሰዓት በእንግሊዝኛ ማውራት ግን እቁብ ነው። የሚጠብቅህ ሰው ካለ አትቀርም። ወረቀት ላይ አስር ግብ ደርድሮ ለማንም ካለማሳየት፣ አንድ ነገር ይዞ ለአንድ ሰው መንገር ይበልጣል። ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ታላቅ እህት፣ ማንም ይሁን። ብቻ ስትጠፋ «የት ጠፋህ?» የሚልህ ይሁን።

እዚህ ላይ ከአነቃቂ ተናጋሪዎች ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። «ካልተለወጥክ ግብ ስለሌለህ ነው» ይላሉ። ይኼ ልክ አይደለም፤ ሰውንም ይጎዳል። የቤት ኪራይ እየጨመረ፣ የጤፍ ዋጋ እየናረ፣ ከሥራ በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያመሽን ሰው ድህነትህ የራስህ ጥፋት ነው ማለት ግፍ ነው። ጉልበቱን ቀን ጨርሶታል። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ትልቅ ራዕይ ሳይሆን በደከመው ሰዓት እንኳ የሚሆን ትንሽ ልምምድ ነው። በሰልፉ ላይ በስልኩ የሚያነባቸው ሁለት ገጾች ይበቃሉ። በደህና ቀን አራት ያደርጋቸዋል። ልጅ በታመመበት ሳምንት ጭራሽ ይቀራሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። መቋረጡ ውድቀት አይደለም። ቶሎ መመለስ ነው ችሎታው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው እጅ ያለ ግብ ነው። ዲቪ እስኪደርሰኝ፣ ወንድሜ ፕሮሰስ እስኪጨርስልኝ፣ ያ መሥሪያ ቤት እስኪጠራኝ ብለው ሕይወታቸውን ያቆሙ ብዙ ወጣቶች አውቃለሁ። ጎበዞች ናቸው። ተስፋ ማድረጋቸውንም አልቃወምም፤ ይሞክሩ። ግን እየጠበቁ አንድ ሙያ ይልመዱ። ብየዳ ይሁን፣ ሒሳብ አያያዝ፣ ልብስ ስፌት፣ ኮምፒውተር። ዕድሉ ከመጣ ሙያው አብሮ ይሄዳል። ካልመጣም እጃቸው ላይ ነው። ምሩፅ በ1976 እና በ1980 መካከል ያደረገው ይኼንኑ ነው።

የመጨረሻው ሐሳቤ ለአሠሪዎች ነው። የማታ ተማሪ ሠራተኛ ያላችሁ አለቆች፣ እባካችሁ በክፍል ቀኑ በሰዓቱ ልቀቁት። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል አጣዳፊ ሥራ አትስጡት። ቀኑን ሙሉ ለእናንተ ሠርቶ ማታ ደብተር ይዞ የሚሮጥ ሰው ከመሥሪያ ቤታችሁ የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ ያቺን ሰዓት ነው። ከቻላችሁ በፈተና ሰሞን የዓመት ፈቃዱን ሳታንገራግሩ ስጡት። እናንተም ከዲግሪያችሁ በኋላ ያቆማችሁት ነገር ካለ፣ አብራችሁት ተመዝገቡ።