ምስጋና ለብረት ሽቦ

የበዓል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ በየትኛውም ሰፈር እለፉ፤ ከዶሮውም ጩኸት ከሽንኩርቱም ከተፋ በላይ የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። ክርር፣ ክርር፣ ክርር። የነሐስ የበር እጀታ በብረት ሽቦ ሲፈተግ ነው። ሽቦው ደግሞ ያው የድስቱ ሽቦ ነው፤ ጥቁረቱም ቅባቱም አብሮት አለ። እጃችሁ ይባረክ! ዓመቱን ሙሉ ዞር ብሎ ያላየውን እጀታ በአንድ ከሰዓት ድል የሚነሳ ሕዝብ ካልተመሰገነ ማን ይመስገን?

ደግሞስ ስለ በር ለእኛ ማን ሊነግረን ነው? አንኮበርም በር፣ ጣርማ በርም በር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ ብለው ደብረ ብርሃን ላሏት ከተማ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ብርሃኗን የጨመርንላት እኛ ነን፤ በሽቦ።

ነሐስ መዳብና ዚንክ ተቀላቅሎ የሚሠራ ለስላሳ ቅይጥ ነው፤ ሽቦው ይጠነክርበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍትጊያ በእጀታው ላይ ትልም ያወጣል፤ በሬ ሳይጠመድ እርሻ ማለት ይህ ነው። በዕለቱ ያብረቀርቃል፣ ማን ይክዳል። በሳምንቱ ግን የእጅ ላብ፣ የወጥ ቤት ጭስና የሌሊቱ ውርጭ ያንን ትልም ሞልተው ከበፊቱ ይልቅ ያጠቁሩታል። ሌሊት የቀዘቀዘ እጀታ ማለዳ ምድጃ ሲነድ በእንፋሎት ላብ በላብ እንደሚሆን የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምን ችግር አለው? ለሚቀጥለው በዓል ሥራ ተገኘ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ለቫርኒሹ ያለን ጭካኔ ነው። ብዙው አዲስ እጀታ ከፋብሪካ ሲወጣ አየር እንዳይነካው ስስ ቫርኒሽ ይቀባል። ጀግናችን ይህን መሃል መሃሉን ይገፈዋል፣ ዳር ዳሩን ይተወዋል። በወሩ የተገፈፈው ይጠቁራል፣ ያልተገፈፈው ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ እጀታው እንደ ቆቅ ላባ ዥጉርጉር ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ እጀታ የሚያስፈልገው ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነበር። እንዲህ ያደረገ ሰው ግን ዋዜማውን ምን ሲሠራ ሊውል ነው?

ከሽቦ ቀጥሎ ምስጋና የሚገባው በረኪና ነው። «ነጠላ ካነጣ ነሐስ ያነጣል» የሚለው ፍልስፍና የማን እንደሆነ ባይታወቅም ተከታዩ ብዙ ነው። በረኪና ነሐስን ያጠቁራል፤ ሲቆይበትም ዚንኩን እየበላ ቀላ ያለ የመዳብ ነጠብጣብ ይተዋል። በነሐስ ዋጋ መዳብ ማግኘት! ይህን ትርፍ የመርካቶ ነጋዴም አላሰበው። «ሎሚ ቢጨመርበት ይበረታል» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁምና፦ በረኪናን ከሎሚም ከኮምጣጤም ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ዓይን ያቃጥላል፣ ደረት ያፍናል። ወደ ምስጋናችን እንመለስ።

ላዩን ነሐስ፣ ውስጡን ለቄስ የሆነውን እጀታ ደግሞ አንርሳው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት ብታስጠጉበት ጥብቅ ካለች ውስጡ ብረት ነው፤ የተቀባው ስስ ልባስ ነው። ባትይዝም ቶሎ አትደሰቱ፤ የዚንክ ቅልቅልም ማግኔት አይዘውም። ከጀርባው፣ ማንም በማያየው በኩል፣ በምስማር ትንሽ ጫር ሲያደርጉት ቢጫ ከወጣ ነሐስ ነው፣ ነጭ ከወጣ አይደለም። ልባስ ያለውን በሽቦ ያሸ ሰው በሁለተኛው በዓል ግራጫ እጀታ ያገኛል። ፋሽን ነው ይበል።

እንግዲህ በየሰፈሩ ጥቂት ፈሪዎች አሉ፤ ሽቦ የማይነኩ። የሚያደርጉት ነገር ያስቃል። መጀመሪያ እጀታውን ይፈታሉ፤ ያውም በካቻቢቴ! እኛ በቢላዋ ጫፍ ስንጠመዝዝ የብሎኑን አናት በልተን ዳግመኛ እንዳይፈታ አድርገን የምንጨርሰውን ሥራ። ብሎኖቹን አንድም እንዳይጠፋ ሲኒ ውስጥ ይጨምራሉ። እጀታውን ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ይዘፈዝፉና ጌጡን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጥባሉ። ከዚያ ለሁለት የተቆረጠ ሎሚ ጨው ያስነኩና ያሹታል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አምስት። ከዚያ ካለፈ አሲዱ ነሐሱን እንደሚያቀላው ያውቃሉ፣ ፈሪ አይደሉ? ጥቁረቱ ከጸና ሁለት ሲኒ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሊጥ እስኪሆን ድረስ የስንዴ ዱቄት ይለውሱና ቀብተው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቃሉ። ሎሚውንም ሊጡንም የሚያስነኩት ግን ቫርኒሽ የሌለውን፣ ውስጡም ነሐስ የሆነውን እጀታ ብቻ ነው። በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቀልቃሉ፤ በስንጥቁ ውስጥ ጨው ከቀረ አረንጓዴ ዝገት ስለሚያወጣ። ወዲያው ያደርቃሉ። ባለቀ ጋቢ ቁራጭ ይወለውላሉ። መጨረሻ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሰም ቀብተው፣ አሥር ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይወለውላሉ። ሰም እንጂ ኑግ ዘይት አይደለም፤ ዘይቱ እየተጣበቀ የመንገዱን አቧራ ይሰበስባል። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ሲያሳፍር! ላብ እንኳ አላላባቸውም።

እጀታው በተገዛበት ላስቲክ ተጠቅልሎ እንዲኖር የፈረደበትን ወገን በአጭሩ ላመስግን። እርጥበቱ ከላስቲኩ ስር ታፍኖ ሲያጠቁረው፣ ሙጫው ደርቆ ሲለጠፍበት፣ «አዲስ ነው፣ ገና አልተከፈተም» ማለት ይቻላል።

ስለ ብሎኑ ግን ማን ያስብ? እጀታውን ከውስጡ ዘንግ ጋር የምታስረው ትንሽ ብሎን ከስር ተደብቃ ትኖራለች፤ ብዙ ጊዜ በ3 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ትጠብቃለች። ትላላለች፤ እጀታው ይወዛወዛል፤ ሞላውም ይደክማል። በዓመት አንዴ ማጥበቅ ይበቃታል። እንግዳ ግን ጎንበስ ብሎ ስር ስር አያይ። የሚታየው ይታሽ፣ የማይታየው ይላላ።

የበዓሉ ዕለት እንግዳው ደረሱ። ጋሼ ጋቢያቸውን አስተካክለው በሩን ሊገፉ እጀታውን ያዙ። በሩ አልተከፈተም፤ እጀታው በእጃቸው ቀረ። ከውስጥ ባለቤቱ «ግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ!» ይላል። ጋሼ በር ላይ ቆመው በእጃቸው ያለውን እያገላበጡ ያያሉ።

ሲያብረቀርቅ ግን!