ቃሬዛው የት ይቁም?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ለወሎ ጤና የሚመደበው ገንዘብ ለሁሉም ካልበቃ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለገጠር ጤና ጣቢያ ነው ወይስ ለከተማ ሆስፒታል? አንደኛዋ ተከራካሪ በደቡብ ወሎ ገጠር ብዙ ዓመት የሠሩ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ሁለተኛው ደሴ ውስጥ የሚሠራ ወጣት የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነው።

አዋላጇ፦ እኔ ለጤና ጣቢያው ነኝ። ባለፈው ክረምት የቅሬው (የዕድሩ) ሰዎች አንዲት እናት በቃሬዛ አመጡልኝ። እየተቀባበሉ፣ በዚያ ጭቃ፣ አራት ሰዓት ተጉዘው። ቤቷ ነው የወለደችው፤ ደሟ አልቆም ብሏል። እንዲህ ያለ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ደሙን የሚያቆመው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። እኛ ጋ ደግሞ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ሳላውቅ ወጋኋት። ሆዷን እያሸሁ አነጋሁ። ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ደሴ ላይ ፎቅ ቢጨመር ለዚያች ሌሊት ምን ይፈይድ ነበር?

ሐኪሙ፦ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥዎት። ግን ምጧ የተጓተተባትስ? ከወሎዎቹ ወረዳዎች ከቦረና፣ ከሳይንት፣ ከወግዲ የምትመጣውስ? ለእሷ ቀዶ ጥገና፣ ደም፣ ኦክስጅን፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ያስፈልጋታል። ይህ ሁሉ በየጤና ጣቢያው ሊሟላ አይችልም። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ የተጎዳው ከተሜው ብቻ ነበር? የገጠሩም ቃሬዛ መድረሻ አጣ። ዛሬም አልጋ ሞልቶብን ፍራሽ መሬት ላይ እናነጥፋለን። ያውም ሳይደወልልን፣ ሪፈር ወረቀት ብቻ ይዘው ሌሊት ይደርሳሉ።

አዋላጇ፦ አልጋህን የሞላው ማን እንደሆነ እስቲ ልብ በል። ምጥ ላይ ያለችው ብቻ አይደለችም። የደም ግፊት ኪኒን እኛ ጋ ስላለቀ ብቻ ደሴ ድረስ የመጣ አለ። ኪኒኑን አጥቶ ቆይቶ ደግሞ ግማሽ አካሉ ሽባ ሆኖ የመጣ አለ። አንድ ጤና ጣቢያ ለ25 ሺህ ሰው ነው የታሰበው። እሱ ባዶ ከሆነ ያ ሁሉ ሰው ወዳንተ ነው የሚመጣው።

ሐኪሙ፦ እውነት ነው። ግን ገበሬው መዋጮ ከፍሎ የሚታከምበትን የማኅበረሰብ ጤና መድንም ያስቡት። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከ13ቱ ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። ትልቅ ነገር ነው። ሕመሙን ይዞ ቤቱ ይተኛ የነበረ ሰው ካርዱን ይዞ መጣ። ሰልፉ ረዘመ፣ ሐኪሙ ግን ያው ነው። መዋጮውን የከፈለ ገበሬ እኛ ጋ መጥቶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ማዘዣውን አጥፎ ኪሱ ሲከት አየዋለሁ። በግ ሸጦ ከግል ፋርማሲ ይገዛል፣ ወይም ሳይገዛ ይመለሳል። ይህን እያየሁ የሆስፒታሉ በጀት ይቆይ ማለት ይከብደኛል።

አዋላጇ፦ ያ ገበሬ የእኔም ሰው ነው። በዓመቱ የመድን መታወቂያህን አሳድስ ስለው «ምን አደረጋችሁልኝ?» ይለኛል። መልስ የለኝም። ግን የመሳፈሪያውንስ ነገር አስበሃል? ኪኒኑ የወር በወር ነው። ደሴ በሽ በሽ ቢሆን እንኳ በየወሩ መሳፈሪያ ከየት ያመጣል? የከተማው ሰው ባጃጅ ይዞ ይደርሳል። የኔው ሰው አንድ የሥራ ቀን ከነአዳሩ ይከስራል። እኩል ካርድ ይዘው እኩል አልታከሙም።

ሐኪሙ፦ እሺ፣ ኪኒኑና ፍሪጁ ይቅደሙ፤ በዚህ ተረታሁ። በቀዶ ጥገናው ግን አልረታም። ደሙና ኦክስጅኑ ከሆስፒታል ሊጎድል አይገባም። ለሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አይደለም።

አዋላጇ፦ እሱን አልነካብህም። ለእኔም እናቶች ነው።

ሐኪሙ፦ እንግዲያው ከመላክዎ በፊት ይደውሉልኝ።

አዋላጇ፦ እደውላለሁ። አንተም ሌሊት ቢሆን ስልኩን አንሳ።