ልጄን ሣር አላበላሁትም!

አስፓራገስ ነው፤ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ የሚበቅል አትክልት። ሣር አይደለም። ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማኝ ሰው ካለ እዚህ ያንብበው።

ልጁ ገና አሁን ተኛ። አባትየው ከሱ ቀድሞ ተኝቷል፣ እሱ ምን ቸገረው። እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከንዴቴ።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ለምሳ ተቀምጧል። በዓለ ሃምሳ አይደል፣ ዶሮው በዚህ፣ ጥብሱ በዚያ። እኔ ጥግ ይዤ ትንሿን ዕቃዬን ከፈትኩ። ድንችና አስፓራገስ ነው። በእንፋሎት በስሎ፣ ተፈጭቶ፣ በወንፊት ወርዶ። በወንፊት! ያ ክር ክር የሚለው ነገር ጉሮሮው ላይ እንዳይቀርበት ብዬ በእኩለ ሌሊት ቆሜ ያጣራሁት ነው። ሐሙስ ሳስጀምረው ፊቱን አጨማዶ አየኝ። ዓርብ ቀሚሴ ላይ ተፋው። ግድ የለም፤ ሕፃን አዲስ ምግብ እስኪለምድ 10 ጊዜም ከዚያ በላይም መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል ተብዬ ስለነበር ታገስኩ። ዛሬ ግን ማንኪያው ሳይደርስ ራሱ አፉን ከፈተልኝ። ከፈተልኝ እኮ! ልቤ ሊቀልጥ።

በዚህ መሀል አንዲት እናት መጡ። ስማቸውን አልጠራም፤ የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አስፓራገስ ነው እማማ።»

«አስ... ምን?»

«አትክልት ነው እማማ። ጥሩ ነው ለሱ።»

ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱት። አሸተቱት። ከጎናቸው ላሉት ሴትዮም አስሸተቷቸው። ሁለቱም ተያዩ።

«ሣር ሣር ይላል።»

«በስመ አብ!»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሁሉ ፍስክ እየበላ ይሄን ሕፃን ታስጾሚዋለሽ? ምን አጥፍቶ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንዶቹ ጠረጴዛ ድረስ ተሰማ። እኔ «አይ፣ እሱ ሥጋም ይበላል» ልል አፌን ስከፍት አማቴ፣ የገዛ አማቴ፣ ከዚያ ማዶ «እኔም ብያታለሁ፣ መች ትሰማለች» አይሉም? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለ!

ይሄን ስንባባል ሴትዮዋ ጣታቸውን ዶሮ ወጡ ውስጥ ጠቀስ አድርገው ልጄ አፍ ውስጥ ከተቱት።

ዶሮ ወጥ። በበርበሬው፣ በቅቤው፣ በጨዉ። የ7 ወር ልጅ!

እሱስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከንፈሩን ላሰ። ከሃዲ! «አያችሁ፣ ወጥ አምሮት ነው እንጂ!» ተባለ። እልልታ ሁሉ ያለ መሰለኝ። ባሌን ዞር ብዬ ባየው እግር ይዞ እየጋጠ ነው። «ምን ችግር አለው፣ ትንሽ እኮ ናት» አለኝ። ቤት ስንደርስ እንነጋገራለን አልኩ በሆዴ። ቤት ስንደርስ ተኛ።

እሺ፣ ቀለሙ ነው ያስጠላችሁ? ጎመን ምን ዓይነት ነው? ቆስጣስ? ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመን በሥጋ እየተባለ ድስት ሙሉ ሲቀርብ ማንም «ሣር» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ነው ወይስ አትክልት አትክልት የሚሆነው እናቶቻችን መርካቶ ሄደው ከገዙት ብቻ ነው?

እኔ እኮ ከሰማይ አላወረድኩትም። ፍራንክፈርት ውስጥ በዚህ ሰሞን ከአስፓራገስ ሌላ ምን አለ? ከከተማ ወጣ ስትሉ ወደ ዳርምሽታት አካባቢ እርሻው ሁሉ እሱ ነው፤ መንገድ ዳር ትንንሽ ጎጆ ቀልሰው ይሸጡታል። ጁን 24 ሲደርስ ደግሞ ወቅቱ አለቀ ይላሉ። ነጩ አስፓራገስ ፀሐይ እንዳያየው አፈር ተከምሮበት የሚያድግ ነው፤ ካልላጡት አይበላም። እኔ አረንጓዴውን ነው የምገዛው። የታችኛውን ደረቅ ጫፍ ቆርጦ መጣል ነው፣ አለቀ። ሐኪሟንም ጠይቄያታለሁ፤ አለስልሰሽ ስጪው፣ ጨው አትጨምሪ፣ ሆዱን ሊነፋው ስለሚችል ከትንሽ ጀምሪ ብላኛለች።

ጀርመኗ ጎረቤቴ ደግሞ አለች። እሷ ሰምታ ዓይኗ ሊወጣ ደረሰ። «ሽፓርገል (አስፓራገስ ማለቷ ነው) ለሕፃን? መጀመሪያ ካሮት ነው!» ካሮትማ በልቶ ጨርሷል፣ እናቴ! ልብሱ ሁሉ ካሮት ነው። ሐበሻው ሣር ይለኛል፣ ጀርመኑ ተራ አልጠበቅሽም ይለኛል። እኔ የት ልግባ?

ይሄ ዛሬ አልጀመረም። ክርስትናው ዕለት፣ በ40 ቀኑ፣ ቅቤ ሊያስልሱት ተሰልፈው ነበር። እዚያው አገራችን ገጠር ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን አትስጡ እያሉ ያስተምራሉ። አውሮፓ የመጣው ሰው ግን አልሰማም። ሳል ሲይዘው ማር አምጥተውልኛል። ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ሕፃን የሚመርዝ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል ብል «በማር ነው ያደግሽው» ተባልኩ። አብሽ አጠጪው የሚለውንማ ተዉት፤ ለቁርጠትም አብሽ፣ ለእንቅልፍም አብሽ፣ ለጥርስም አብሽ።

የትናንቱን ደግሞ ስሙ። አስፓራገስ የበላ ሰው ሽንቱ ይሸታል። በውስጡ ያለው ነገር ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ድኝ ድኝ የሚል ሽታ ያመጣል፣ ጉዳት የለውም። አማቴ ዳይፐር ሊቀይሩ ገብተው ጮኹ። «ምች መቶታል!» ዳማከሴ ፈልጊ ተባልኩ። ቅዳሜ ማታ፣ ፍራንክፈርት፣ ዳማከሴ! ባሌ መጥቶ አሸተተና «ኧረ ምንም አይሸትም» አለ። ይሄን ሽታ የማይለይ አፍንጫ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ከመካከላቸው አንዱን መርጬ አግብቻለሁ። አማቴ ቪዲዮ ደውለው ለአዲስ አበባ ቤተሰብ በሙሉ አረዱ። ዛሬ ጠዋት አክስቱ «ልጁ እንዴት አደረ?» ብላ እያለቀሰች ደወለች።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ። ልጁ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ሲያለቅስ አመሸ። ሆዱ ከበሮ ሆኗል። ምክንያቱ ምን ተባለ? ሣሩ! አማቴ «አላልኩም?» አሉ። ስልክ ተደወለ፣ እዚያም «ሣሩ ነው» ተባለ። ስለ ዶሮ ወጡ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

ያቃጠለኝም ይሄው ነው። አዲስ ምግብ ሲጀመር ሌላ አዲስ ነገር ሳይጨመር ከ3 እስከ 5 ቀን ይጠበቃል። ሽፍታ ቢወጣ፣ ቢያስቀምጠው፣ ከምን እንደመጣ እንዲታወቅ ነው። ሐሙስ የጀመርኩትን እሁድ በአንድ ጣት አፈረሱብኝ። አሁን ይሄ ለቅሶ የአስፓራገሱ ነው፣ የሽንኩርቱ፣ የበርበሬው፣ ወይስ የቅቤው? ማን ይንገረኝ? ጥርስም ሊሆን ይችላል! አስፓራገሱን አቁሜ፣ ቀን ቆጥሬ፣ እንደገና ልጀምር ነው። እሱም እንደገና ፊቱን ሊያጨማድድ ነው፣ እኔም ቀሚስ ላጥብ ነው። ሴትዮዋ ግን ይሄኔ ለሽ ብለው ተኝተዋል።

ደግሞ ጾም ላላችሁት፣ ዓርብ የተፈጨ የበሬ ሥጋ በልቷል። ከ6 ወር በኋላ የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን ከጡት ብቻ ስለማይሞላ ሥጋም እሰጠዋለሁ። ይሄን ልናገር ነበር እኮ፣ ማን አፌን አስከፍቶኝ።

የሚቀጥለው እሁድ አልመጣም። እ... እመጣለሁ፣ የማኅበሩ ዳቦ እኔ ጋ ነው። ግን ልጄን በጀርባዬ አዝዬው ነው የምበላው፣ ጣት እንዳይደርስበት።

በሉ፣ ሐሳብ ካላችሁ ጻፉ። «አብሽ» የሚል ኮመንት ያየሁ እንደሆነ ግን ዘመድም ብትሆኑ ብሎክ ነው።