እናቴ በስልክ ስለ ዝናብ ብቻ ታወራለች

በቃኝ! ትናንት አማራ ክልል፣ ጎጃም ደምበጫ ደወልኩ። «እማ፣ ሰላም ናችሁ?» አልኳት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዝናቡ ደህና ነው፣ ጤፉም ደህና ነው» ብላ ዘጋችው። የገዛ እናቴ!

በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔቱ ድርግም ሲል፣ ፊቷን ሳላይ ስንት ወር አለፈ! አሁን መስመር ሲገኝ ደግሞ ፍርሃቱ አለ። ወንድሜ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ስልኩን ያጸዳል። ኬላ ላይ ስልክ ይከፈታላ! የእህታችንን የሠርግ ፎቶ ሳይቀር አጥፍቶታል። የሠርግ ፎቶ ማንን ይጎዳል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምናደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ታዲያ እናቴ ማንን ነው የምትፈራው? ከልጇ ጋር ለማውራት የማንን ፈቃድ ትጠብቅ?

እኔ የጠየቅኳት እኮ ስለ ዝናብ አልነበረም።