እኩል ያዋጣ ጡረተኛ እኩል ይከፈለው

የብሪታንያ የመንግሥት ጡረታ ከኤፕሪል 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ4.8 በመቶ እንዲጨምር፣ ሙሉው ክፍያም በሳምንት 241.30 ፓውንድ እንዲሆን ተወስኗል። ዕድሜያቸውን እዚህ ሠርተው በስተርጅና አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም መቀሌ የገቡ ወገኖቻችን ግን ከዚህ ጭማሪ አንዲት ፔኒ አይደርሳቸውም። የእነሱ ጡረታ ከብሪታንያ ሲወጡ በነበረበት ልክ ቆሞ ይቀራል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መንግሥት ከሚሰጣቸው መልሶች አንዱ ይህ ነው፦ ወደ ውጭ መሄድ የግል ምርጫ ነው፤ ጭማሪውም የሚሰላው በብሪታንያ ደመወዝና ዋጋ ስለሆነ ሌላ አገር የሚኖረውን ሰው በቀጥታ አይመለከትም።

ይህ ምክንያት ለአንድ አፍታ እንኳን አይቆምም። የማኒላ ገበያ በለንደን ዋጋ አይመራም፤ ሆኖም ፊሊፒንስ የሚኖሩ የብሪታንያ ጡረተኞች ጭማሪው በየዓመቱ ይደርሳቸዋል። አሜሪካ፣ እስራኤልና ጣሊያን ያሉትም እንዲሁ። ካናዳና አውስትራሊያ ያሉት ግን እንደ እኛዎቹ ተከልክለዋል።

ዋናው ነገር መዋጮው ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍረው የባንክ ቢሮዎችን ሲያጸዱ የኖሩ እናቶቻችን፣ በደመወዝ ወረቀታቸው ላይ ናሽናል ኢንሹራንስ (የጡረታ መብት የሚያስገኘው መዋጮ) ከሚለው መስመር ትይዩ ገንዘባቸው ሲቆረጥ፣ ስታረጂ የት ትኖሪያለሽ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጎን ለጎን የሠሩ፣ እኩል ያዋጡና በ2016 እ.ኤ.አ. አዲሱን ሙሉ ጡረታ ይዘው የወጡ ሁለት ወንድማማቾችን እናስብ። ልጆቹን ተከትሎ ዋሽንግተን የሄደው ዛሬ በሳምንት 241.30 ፓውንድ ሲከፈለው፣ ጎንደር የገባው ያኔ በነበረው 155.65 ፓውንድ ላይ ቆሟል። ልዩነቱ በዓመት ከ4,400 ፓውንድ ይበልጣል። ይባስ ብሎ ጎንደር ያለው ሰው የብሪታንያን ሐኪም አያስቸግርም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ወጪ አያስወጣም። ነገ ተመልሶ ለንደን ቢቀመጥ ግን ጡረታው ወዲያውኑ ወደ ሙሉው ክፍያ ከፍ ይልለታል፤ ሕክምናውም በመንግሥት ይሸፈንለታል። እንግዲህ የሚቀጣው ወጪ የቀነሰላቸው ሰው ነው፤ ጥፋቱም በተወለደበት አገር ማርጀቱ ብቻ ነው።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በዚሁ የጡረታ ጉዳይ በ2010 እ.ኤ.አ. ለብሪታንያ መንግሥት መፍረዱ እውነት ነው። ፍርዱ ግን ፓርላማው ሕጉን እንዳያሻሽል አይከለክልም። አገር ቤት ፓውንድ ብዙ ብር ስለሚመነዘር ምን ጎደላቸው የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች ከጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ለስኳርና ለደም ግፊት መድኃኒት ፋርማሲ ደርሰው ዋጋ ጠይቀው አያውቁም ማለት ነው።

ጭማሪውን ለመክፈል ከእነዚያ አገሮች ጋር ስምምነት የለንም የሚለው ሌላው የመንግሥት ማሳበቢያም ያሳፍራል። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ በአባል አገራቱ ለሚኖሩ ጡረተኞች ጭማሪው እንዲቀጥል ተስማምታለች፤ ፈቃዱ ሲኖር ስምምነት ይገኛል ማለት ነው። ካናዳ ደጋግማ ብትጠይቅም ተቀባይነት አላገኘችም። በለንደን ያለው ኤምባሲያችን ጉዳዩን በይፋ ሊይዘው ይገባል፤ እዚህ የምንመርጥ ዜጎችም የየአካባቢያችን የፓርላማ አባል በዚህ ላይ ያለውን አቋም በጽሑፍ እንዲሰጠን ከአሁኑ እንጠይቅ።