አንድ ያጣላል

ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ወርቅማ ዓሣዎች ነበሩ። አሁንም አሉ፤ ግን ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ መኖራቸውን የምናውቀው ምግብ ስንጥል ውሃው ሲናወጥ ብቻ ነበር። 80 ሊትር የሚይዘው የመስታወት ሳጥናችን ጎመን የተቀቀለበት ድስት መስሎ ነበር። እንግዳ ሲመጣ “ዓሣ አላችሁ እንዴ?” ይላል። “አዎ፣ ውስጥ ናቸው” እንላለን፤ መኝታ ቤት ጋደም ያሉ ይመስል።

ነገሩ የተጀመረው አማቴ ሊጠይቁን ከጎጃም የመጡ ጊዜ ነው። በአማት ማላከክ ያረጀ ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ትንሽ ከታገሣችሁኝ የእኔ ጥፋት ከእሳቸው እንደሚብስ ታያላችሁ።

ዓሣዎቹን የሰየማቸው ልጄ ነው። ቀዩን ጊዮርጊስ፣ ጠቆር ያለውን ቡና አላቸው። ሁለቱን በአንድ ውሃ ማኖር አደጋ አለው ብዬ ሰግቼ ነበር፤ እነሱ ግን ከደጋፊዎቻቸው የተሻለ ተስማምተው ይኖራሉ። አማቴ ሻንጣቸውን እንዳስቀመጡ ሳጥኑ ፊት ቆሙና ጥቂት አዩዋቸው።

“መቼ ነው የሚጠበሱት?”

“አይበሉም እማማ። ለማየት ነው።”

“ለማየት?” አሉና እኔንም እንደ ዓሣው አዩኝ።

በማግስቱ የማይበላ ፍጡር መሆኑን ተቀብለው፣ የማይመገብ ፍጡር ግን ሊሆን አይችልም ብለው ተነሡ። ጊዮርጊስ ሰው ሲያይ ወደ መስታወቱ እየመጣ አፉን የመክፈት ልማድ አለው።

“ይኸው! ርቦት እኮ ነው አፉን የሚከፍተው።”

“እየተነፈሰ ነው እማማ።”

“ሰው ሲያይ ብቻ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?”

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ቢሮ ስሄድ ዓሣዎቹ ቁርስ፣ ምሳና እራት፣ መሀል ላይም መክሰስ ይቀርብላቸው ጀመር። የዳቦ ፍርፋሪ፣ የእንጀራ ቁራሽ፣ ለሚካኤል ዕለት ደግሞ ድፎ ዳቦ። አንዴ ቀድሜ ገብቼ ሁለተኛውን ቁራሽ ሲጥሉ ደረስኩባቸውና “እማማ፣ አሁን ሰጥተዋቸው የለም እንዴ?” ብላቸው “አንድ ያጣላል” አሉኝ። ለዓሣ!

ቆይቼ እንደተረዳሁት ወርቅማ ዓሣ ጨጓራ የለውም። የዋጠው በቀጥታ አንጀት ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ከኋላው እንደ ክር ይንጠለጠላል። ስለዚህ ጠግቦ “በቃኝ” አይልም፤ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፣ የቀረው ታች ወርዶ ይበሰብሳል። ጨጓራ በሌለው ፍጡር ምክንያት ጨጓራው የተላጠው እኔ ነኝ።

የእኔ ጥፋት ደግሞ እነሆ። አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር ዋናው ቀለቡ ብርሃንና ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያውን አማቴ ሲያቀርቡ ብርሃኑን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ሳጥኑን የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው መስኮት ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቀለሙን የሚለዋውጥ መብራት ገዝቼ እስከ እኩለ ሌሊት የማበራው፣ ከመንገድ ማዶ ያለው ፎቅ እንዲያይልኝ ነው። ዓሣ እንዳለኝ ካልታየማ ዓሣ ማኖር ምን ይሠራል?

ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ምክር በየዓይነቱ ቀረበ። የማይመክር ጎረቤት የለም፤ ዓሣ ያለው ጎረቤት ግን አንድም አልነበረም። አንዱ ሎሚ ጭመቅበት አለ፣ ሌላው ጨው፣ ሦስተኛው በረኪና። የቢሾፍቱ ልጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ “ለምን ታጸዳዋለህ?” አለኝ። እነሱ አገር አረንጓዴ ሐይቅ የሚባል አለ፤ አረንጓዴ ያደረገው ስፓይሩሊና የሚባል ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ነው፣ ፍላሚንጎ የሚባለው ወፍ የሚመገበው። ያንኑ ዘር ሰው እያረባ አድርቆና ፈጭቶ በውድ ዋጋ ለጤና ብሎ ይሸጠዋል። ፍላሚንጎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መግባት እንደማይችል፣ የእኔውም አልጌ ስፓይሩሊና ስለመሆኑ ምንም ዋስትና እንደሌለ ነግሬው ተለያየን።

አንድ ቅዳሜ እጅጌዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ዓሣዎቹን ሳፋ ውስጥ ጨመርኩና ውሃውን ለማውጣት ቱቦውን እንደ ናፍጣ ቀጂ በአፌ ሳብኩት። ናፍጣ የሚቀዳ ሰው መቼ አፉን ማንሣት እንዳለበት ያውቃል። እኔ አንድ ጉንጭ ሙሉ ዋጥኩ። አማቴ ያለ አንዳች ጥያቄ ፌጦ በሎሚ በጥብጠው አጠጡኝ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደባሰ እስካሁን አልወሰንኩም። ከዚያ ጠጠሩን በፈላ ውሃ፣ መስታወቱን በቆሻሻ መጥረጊያ ጨርቅና በላብ፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ከቧንቧ ሥር ንጹሕ ውሃ እስኪያወጣ አሸሁት። አዲስ ውሃ ሞላሁ። መስታወቱ አበራ። ጎረቤት ተጠርቶ አየ። ቡና ተፈላ።

በሦስተኛው ቀን ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ። ዓሣዎቹ ላይ ላዩን ሆነው አየር ይጎርሱ ጀመር። “አሁንስ፣ እየተነፈሰ ነው?” አሉኝ አማቴ። አሁንስ አዎ።

ዓሣዎቹን የሸጠልኝ ልጅ ጋ ሮጥኩ። ሁሉንም በአንድ ቀን ማጠቤን ስነግረው እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ለካ ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ሠራተኞች ነበሩ፤ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች። ከዓሣው ኩስና ከበሰበሰው ምግብ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ይቀበሉና ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። እሱም መርዝ ስለሆነ ሁለተኛዎቹ ተረክበው ናይትሬት ያደርጉታል፤ ናይትሬት ካልበዛ ዓሣውን አይጎዳም። እስቲ አስቡት፣ ሁለት መስኮት ብቻ ያለው፣ “ፋይሉ ጠፍቷል” የማይባልበት፣ “ነገ ተመለስ” የሌለበት፣ ቅዳሜና እሑድ እንኳ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው። በሕይወቴ የገጠመኝን ብቸኛ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በፈላ ውሃና የቧንቧ ውሃ ውስጥ ባለው ጀርም ገዳይ ክሎሪን ጨረስኳቸው።

ልጁ ደግ ነበር፤ ነጋዴም ነበር። መጀመሪያ “መስታወት የሚልስ” ዓሣ ሊሸጥልኝ ሞከረ፤ ጣት የምታክል፣ አፏን መስታወት ላይ የምትለጥፍ። ስታድግ ስንት ትደርሳለች ብዬ ስጠይቀው ዓይኑን ሰበረ። በኋላ እንዳጣራሁት ያቺ ዘር 40 ሴንቲ ሜትር ልትደርስ ትችላለች፣ የራሷም ኩስ ቀላል አይደለም። ለሁለት ሳምንት ላግዛችሁ ብሎ መጥቶ ሶፋውን የወረሰ ዘመድ ቤቴ ስላለፈ፣ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

የሰጠኝ ትክክለኛ ምክር ግን የሚገርም ቀላል ነው። በሳምንት አንዴ ከውሃው ሩብ ያህሉን ብቻ ቀይር። ስፖንጁን ስታጥብ ከሳጥኑ በቀዳኸው አሮጌ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው፣ በቧንቧ ውሃ አይሆንም። አዲሱን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አፉን ከፍተህ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድረው። ሳጥኑን ከመስኮት አርቀው፣ መብራቱን በቀን ለስድስት፣ ቢበዛ ለስምንት ሰዓት ያህል ብቻ አብራ። ምግቡን ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል። በደንብ ከተያዙ 10 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይኖራሉ አለኝ። የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ አብረን ልንጨርስ ነው ማለት ነው።

ሩቡን እየቀየርኩ፣ ምግቡን እየቀነስኩ ነጩ ዳመና ጠራ፣ ሠራተኞቹም በሳምንታት ውስጥ ተመልሰው ተደራጁ። አረንጓዴው ግን መልሶ ብቅ አለ። ለዚህ ደግሞ ፍቱኑ መድኃኒት ሦስት አራት ቀን ድፍን ጨለማ ነው ተባልኩ፤ መብራት አጥፍቶ፣ ሳጥኑን ሸፍኖ፣ አየር የሚነፋውን ፓምፕ ግን ሳያቋርጡ። የመብራት መጥፋት መድኃኒት የሆነበትን በሽታ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። የሰፈራችን መብራት ግን ዓመቱን ሙሉ ሲጠፋ ከርሞ፣ እኔ ጨለማ በፈለግሁባቸው አራት ቀናት አንዴም አልጠፋም።

ሳጥኑን የሸፈንኩት በአማቴ ጋቢ ነው። የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው፤ ብርድ መስሏቸው ነበር። ጋቢ ለብሶ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ነገር ቤት ውስጥ ምን እንደሚያመጣ ያኔ አየሁ። እንግዶች ሲገቡ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። አንዷ “ምን ነካቸው?” ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ደግሞ ሲወጡ “እግዜር ይማራቸው” ብለው ሄዱ። አማቴ ብቻ በየመሀሉ የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ያያሉ። የገለጡበት እጃቸው ባዶ እንዳልነበር የደረስኩበት ከሳጥኑ ሥር የኅብስት ፍርፋሪ ሳገኝ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጋቢው ሲነሣ ቡናና ጊዮርጊስ ታዩ። ሁለት ወር ሙሉ በቅጡ ሳላያቸው አድገዋል።

የቀረው ችግር ውሃው ነበር። ከ80 ሊትር ሩቡ 20 ሊትር ነው፤ ያቺ ቢጫ ጀሪካን ልክ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ ላይ በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን ለዓሣ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በር ለበር ያለችው ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አግኝታኝ “ሰው የሚታጠብበት አጥቶ አንተ ዓሣ ታጥባለህ አሉ” አለችኝ። “አሉ” ትበል እንጂ የበሯን ቀዳዳ ታስለቅሰዋለች።

ምን ልበላት? የማወጣውን ውሃ እንደማልደፋው ነገርኳት። ያ ናይትሬት ለአልጌ ማዳበሪያ ከሆነ ለአበባም ማዳበሪያ ነው፤ እኔ በረንዳ ላይ ላለው በሶብላና ጥብስ ቅጠል ነው የማጠጣው። ወጥታ በረንዳዬን አየችው። ምንም ሳትል ተመለሰች። በሳምንቱ ባዶ ጀሪካን በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ባለፈው እሑድ ያቺው ጎረቤታችን ቡና ጠራችን። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ እኚያ “እግዜር ይማራቸው” ያሉት ሽማግሌና ሌሎችም ነበሩ። ስኒያችን ላይ አንዳንድ የጤና አዳም ቅርንጫፍ አስቀመጠችልን፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሽታው በሩቅ የሚጣራ። ሊቀመንበሩ አሽትቶ “ይኼ ጤና አዳም ምን ብትሰጪው ነው እንዲህ ያማረው?” አላት።

“ውሃ ብቻ” አለችና ወደ እኔ ዞር አለች። “ድገም እንጂ። አንድ ያጣላል።”