ጎልድ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ሊንከር ኮምፓይለሩ (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ለየብቻ ያወጣቸውን ቁርጥራጮች አገናኝቶ አንድ ፕሮግራም የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ጎልድ የተባለውን ሊንከር ኢያን ላንስ ቴይለር ጉግል ሳለ ለፍጥነት ብሎ ጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ግኑ ባይነዩቲልስ ከተባለው የነፃ ፕሮግራሚንግ መሣሪያዎች ጥቅል ጋር ተቀላቀለ። በ2025 የወጣው ባይነዩቲልስ 2.44 ግን ከዋናው ጥቅል አስወጣው። ኮዱን እየጠገነ የሚይዘው ሰው ካልተገኘ ጨርሶ እንደሚወገድም ተነገረ። ሁለት ፕሮግራመሮች በዚህ ተከራክረዋል።

ይውጣ ባይ፦ ጎልድን ወድጄው ነው የተጠቀምኩት። ግን እህቴ፣ ሊንከር አንዴ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ኮምፓይለሩ አዲስ ዓይነት ሪሎኬሽን ባወጣ ቁጥር፣ ማለትም «ይሄን አድራሻ እዚህ ጋ ሙላልኝ» የሚል አዲስ ትእዛዝ በጻፈ ቁጥር፣ ሊንከሩም ሊያውቀው ይገባል። ሪስክ-ፋይቭ የሚባለውን የፕሮሰሰር ዓይነት እይው፤ ጎልድ ዛሬም አያውቀውም። ፍጥነት ከፈለግሽ ሌሎች ሊንከሮች አሉ፦ ኤልኤልዲ አለ፣ ሞልድም አለ።

ይቆይ ባይ፦ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል! ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ሙሉ ፕሮግራሙን በሊንክ ሰዓት እንዲያሻሽል የሚያስችለው ፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) መጀመሪያ የተሠራው ለጎልድ ነው። የባይነዩቲልስ ነባሩ ሊንከር ኋላ ነው የተቀበለው። እኔን የያዘኝ ግን ዲባጊንጉ፣ ስህተት ፍለጋው ነው። ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክት አለኝ። ስህተት መፈለጊያውን ጂዲቢን በከፈትኩ ቁጥር ምልክቶቹን (በኮዱ ውስጥ ያሉትን ስሞች) አንብቦ እስኪጨርስ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። ከዚያ ለጎልድ «ጂዲቢ-ኢንዴክስ» የሚለውን አማራጭ ጨመርኩለት። የምልክቶቹ ማውጫ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ገባ፤ ጂዲቢም ቶሎ ይከፍትልኝ ጀመር።

ይውጣ ባይ፦ እሱ አማራጭ ኤልኤልዲም ሞልድም ላይ አለ። ፕሮግራሙን የሚገነባው ቢልድ ስክሪፕትሽ ላይ አንድ ቃል ብትቀይሪ ነው።

ይቆይ ባይ፦ ቃሉስ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቴስቱን ሁሉ እንደ አዲስ የማስኬደው እኔ ነኝ። ስንት ድርጅት በነፃ ሲጠቀምበት ኖረ፤ አንድ ሰው መመደብ ለምን አቃተው?

ይውጣ ባይ፦ እሱ እኔንም ያናድደኛል። ግን ኮዱ አልጠፋም፤ ጎልድ ያለበት ጥቅል ለብቻው ወጥቷል። ዋናው ጥቅል ውስጥ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ባግ (የፕሮግራም ስህተት) አግኝቶ የሚልከው ሰው የሚያይለት ያለ ይመስለዋል። ወር ይጠብቃል፣ ዓመት ይጠብቃል። ይህ ግፍ ነው።

ይቆይ ባይ፦ ግፍ መሆኑን አልክድህም። እንግዲያው ከቅዳሜ ጀምሮ የተከፈቱትን ባጎች አንድ በአንድ እፈትሻለሁ፤ የትኛው አሁንም እንደሚደገም እመዘግባለሁ። ጎልድን ኤክስ86-64 ለሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ብቻ ለመያዝ ሁለት ሰው ከበቃ፣ አንዷ እኔ ነኝ።